በውቢት እንቅርት ውስጥ የነበረው ጠጠር

ውቢት አለነ ሰው የምታምን ሴት አልነበረችም። ይኼ ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ራሷም ብትሰማው «እንዴታ!» ነበር የምትለው። ወተት ስትቀበል ውኃ ገብቶበት እንደሆነ በጣቷ ጠንቁላ ታያለች። ቄሱ ጠበል ሲረጯት አንዱን ዓይኗን ትጨፍንና በሌላው ታጮልቃለች። ባሏ ጀምበሩ ጉንፋን ይዞት ቢያስለው እንኳ «ምን አስበህ ነው የሳልከው?» ትለዋለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም፤ እሷ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ጧትና ማታ ትደግመው ነበር።

የምትኖረው ከደባርቅ ወደ ዳባት ሲወርዱ፣ ከመኪናው መንገድ ግማሽ ሰዓት ገባ ብላ ባለች ወይራ ማርያም በምትባል መንደር ነው። ሙያዋ ሙሾ ማውረድ ነው። በዚያ ሁሉ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ውቢት ትጠራለች፤ አንዳንድ ቤት እንዲያውም እሷ ትቀድማለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለቅሶው መኻል ቆማ «ዋይ!» ያለች እንደሆነ፣ የሟቹ ጠላት እንኳ ሳያስበው እንባው ዱብ ይላል። ከአፋፉ ላይ ሆና ስትጮኽ ከወንዙ ማዶ ያለ ሰው ማን እንደሞተ ከነአባቱ ስም ይሰማ ነበር። መሬቱን አዋጅ ወሰደው፣ በሬውን ድርቅ ወሰደው፣ ድምፅዋን ግን ማንም አልወሰደባትም። «የኔ ርስት እሱ ነው» ትል ነበር፣ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ።

እዚያው ጉሮሮዋ ላይ እንቅርት ነበረባት። በዚያ አገር እንቅርት ያለባት ሴት ወሬ አይደለችም፤ ወሬ የምትሆነው የሌለባት ናት። እናቷም ነበረባት፣ አያቷም ነበረባት። ገና ልጅ ሳለች እንቅርቱን ያስረዋል ተብሎ አንገቷን ሦስት ዙር ተነቅሳለች፤ ንቅሳቱ አላሰረውም፣ አሳመረው እንጂ። ለስላሳ ነው፣ አያማትም፣ ሥራ አያስፈታትም። ሃያ አምስት ዓመት አብሯት ስለኖረ ጭራሽ ትዝ አይላትም ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። በመስከረም፣ ኤርትራ ዘምቶ የቀረ የአንድ ለጋ ልጅ መርዶ መጣ። ውቢት ተነሥታ እንዲህ አለች፦

ገብሱ ገና ለጋ፣ እሸት ነው እያልን፣
ማጭድ የጨበጠ መጥቶ ወሰደብን።

ማጭድ ስትል ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አይቸው ከፊት ቆሞ ነበር፤ ደረቱ ላይ የለጠፋት ምልክት መዶሻና ማጭድ ናት። ከንፈሩን መጠጠ፣ ምንም አላለም። ውቢትን ያስፈራት ምንም አለማለቱ ነው። የተቆጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል፤ ዝም ያለውን ማን ያውቃል? ለሳምንት ያህል ውሻ በጮኸ ቁጥር «መጡልኝ» እያለች ከረመች።

ማንም ሳይመጣ ጥቅምት ገባ። እንስራዋ ተሰብሮባት ነበርና ወንዙን ተሻግራ ወደ አገርነሽ ወረደች። አገርነሽ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ቤተ እስራኤል ናት። ባሏ ማረሻ ይቀጠቅጣል፣ እሷ እንስራና ጋን ትሠራለች። አገሩ በእነሱ ማረሻ አርሶ፣ በእነሱ እንስራ ቀድቶ ያድራል፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ቡዳ ናቸው» እያለ ልጁን ይደብቅባቸዋል። አይ ሰው! እነሱም በበኩላቸው ሕግ ነበራቸው፤ ክርስቲያን አይነኩም። ከነኩ ወንዝ ወርደው ከነልብሳቸው ካልታጠቡ ቤታቸው አይገቡም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ሃያ ዓመት ሲገበያዩ አንዷ ዕቃውን መሬት ላይ ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ከመሬት ታነሣለች፤ አንድም ቀን ተነካክተው አያውቁም።

የዚያን ዕለት አገርነሽ ጭቃ እያሸች ነበር። ጭቃውን በጣቶቿ መኻል እያሳለፈች ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ ለቅማ ትጥላለች። ውቢት ቁልቁለቱ አድክሟት ከያዘችው ቅል ውኃ ተጎነጨች። አገርነሽ ቀና ስትል ዓይኗ የውቢት አንገት ላይ ቀረ።

«እስቲ ደግመሽ ጠጪ» አለቻት።

«ምነው? የጠጣሁትን ልትቆጥሪብኝ ነው?»

«ኧረ ጠጪ ስልሽ!»

ጠጣች። በዚህ ጊዜ አገርነሽ ብድግ አለችና በጭቃ የተለወሰ እጇን ዘርግታ የውቢትን እንቅርት ያዘች። ውቢት ከድንጋጤ የተነሣ መሸሽም አቃታት። የሴትየዋ ጣቶች ጭቃ እንደሚፈትሹት ሁሉ ግራና ቀኙን ፈተሹና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«ይኼ ሁሉ ለስላሳ ነው» አለች አገርነሽ። «እዚህ ጋ ግን ጠጠር አለ። የባቄላ ያህላል። ስትውጪም እንደሌላው አይንቀሳቀስም። እናቴም እንዲህ ያለ ነበረባት፤ ተራ እንቅርት መስሎን ተቀመጥን፣ በዓመቱ አንቆ ገደላት። ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ውቢት። ጠጠር ያለበት ሸክላ እሳት ሲያገኘው መሰንጠቁ አይቀርም፤ ዛሬ ነገ አትበይ።»

ውቢት አዲሱን እንስራ ከመሬት አንሥታ፣ አዝላው ሹልክ አለች። አፋፉ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አየች። አገርነሽ ከነልብሷ ወንዝ ገብታ ትታጠባለች።

እንግዲህ ለተጠራጣሪ ሰው ይኼ ያንሳል? «ሕጓ ነው» አለች ለራሷ፣ «ነክታኛለችና ትታጠባለች።» ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «ሕጓ ከሆነስ ለምን ነካችኝ? ሃያ ዓመት ጣቷን ያላስነካችኝ ሴት ዛሬ ምን አግኝታ አንገቴን ትይዛለች?» ቤቷ እስክትደርስ ይኼንኑ ስታመላልስ፣ በአንገቷ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሯ እየፋቀች ሄደች።

በኅዳር ሌላ መርዶ መጣ። ውቢት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች፣ ደረቷን መታች፣ አፏን ከፈተች። «ዋ...» ብላ ቀረች። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ደግማ ሞከረች፤ የወጣው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚል ነገር ነው። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። አንዲት ሌላ አልቃሽ ከኋላ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አድርጋ ተነሣችና ሙሾውን ተቀበለቻት። ውቢት ከዚያ ለቅሶ ቤት እዝኑን እንኳ ሳትቀምስ ወጣች።

«ብርድ መትቶሽ ነው» አላት ጀምበሩ።

«ብርድ ጣት የለውም» አለችው።

እጇን አንገቷ ላይ ስታሳርፍ ጠጠሩ አለ፤ ባቄላ የነበረው የኮክ ፍሬ አክሏል፣ ይጠነክራል፣ ወዲያና ወዲህ አይልም። እሷ ግን «ድሮውንም ነበረ» አላለችም። «አስቀመጠችብኝ» አለች። ወሬውን ለጎረቤት አወራች፣ ጎረቤት ለጎረቤት አወራ። በታኅሣሥ ዘመዶቿ ሰብሰብ ብለው ጠበል ወሰዷት።

በዚያ አገር ቡዳ የበላው ሰው ጠበል ላይ ይለፈልፋል ይባላል። ውኃው ሲወርድበት በላተኛው በሕመምተኛው አፍ ስሙን ይናገራል፤ ስሙን ከተናገረ ይለቃል። ውቢት ላይ ሰባት ቀን ውኃው ወረደባት። ከበዋት «ማን ነህ? ከየት ያዝካት?» እያሉ ጮኹ። ምንም መንፈስ አልመጣባትም። እውነቱን እንናገርና፣ በሰባተኛው ቀን የተናገረው ሌላ ማንም አልነበረም፤ ውቢት ራሷ ነበረች። ብርዱ አንዘፍዝፏታል፣ ሰዉ ይጠብቃታል፣ በልቧም ጠርጥራ ጨርሳለች። አንዱን ዓይኗን ጨፍና በሌላው እያጮለቀች፣ በዚያች በተሰነጠቀች ድምፅ «አገርነሽ!» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ደባርቅ ገበያ ላይ የአገርነሽን ጋንና እንስራ ረጋገጡት። አንድ ሰው ጀመረው፣ ሌላው ተከተለ፤ ያቺ ሴት አፏን በነጠላዋ ይዛ ስብርባሪውን ስትሰበስብ ያያት ጀምበሩ ነው። ለሚስቱ ነገራት። «እሰይ! እንግዲህ ድምፄን ትመልስ» አለች ውቢት። ከዚያ ወዲህ አገርነሽ ደባርቅ ገበያ አልታየችም፤ ስሟ ወዳልተጠራበት ወደ ዳባት ነው የምትሄደው ተባለ።

ድምፁ ግን አልተመለሰም። ይባስ ብሎ ጥር ሲጋመስ ውኃ ያንቃት፣ ቆሎ ጉሮሮዋ ላይ ይቆም ጀመር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ከመንጋጋዋ በታች በአንገቷ ጎን ሌላ ትንሽ ፍሬ አበጠች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ታንቃ ዓይኗ ሲፈጥ ጀምበሩ ጀርባዋን መትቶ አዳናት። «አሁንስ በቃ!» ብሎ በማግስቱ ዳባት ጤና ጣቢያ አደረሳት።

እዚያ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ደምለው የሚባል ቀጭን ሰውዬ ነው። አንገቷን ዳበሰ፣ ውኃ አጠጥቶ ሲወርድ አየ። ከዚያ ካርዷን አንሥቶ ስሟን ሲያነብ ቀና አለ።

«ውቢት አለነ? የወይራ ማርያሟ?»

«አዎ።»

«አልቃሿ?»

«አዎ ስልህ!»

«ጎሽ፣ እንኳን መጣሽ» አለና ወንበሩን ስቦ መጻፍ ጀመረ። በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ ሞላ፣ ገልብጦ ሌላውን ሞላ። ማኅተም መታበት፣ አሸገው። ውቢት የታሸገውን ወረቀት አገላብጣ አየች። ይኼ ሰው እኔን ከየት ያውቀኛል? የአንገት እብጠት ለመናገር ሁለት ገጽ ምን ያደርጋል?

«ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«ለዶክተሩ ነው፣ እትዬ። ጎንደር ይዘሽ ሂጂ። ነገ ዛሬ አትበይ» አላት። ቃሉ እንኳ የአገርነሽ ቃል ነው።

ያኔ ያለ ይለፍ ወረቀት መንገድ አይወጣም፤ ይለፉን የሚጽፈው ደግሞ ሊቀመንበር አይቸው ነው። አይቸው ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን ማመላለስ ልማዱ ነበር። የውቢትን ግን ቆሞ ፈረመላት። ይባስ ብሎ «እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎዬ ሂጂ» አለና ፈገግ አለ። «ብቻ ያ ድምፅሽ ይዳንልን፣ እትዬ ውቢት!»

አቤት ያቺ ፈገግታ! ውቢት በበቅሎው ላይ ተቀምጣ የኦርዮን ነገር አስታወሰች። ቄሱ በሱባዔ የሰበኩት ነው፤ ንጉሥ ዳዊት ኦርዮን ሊያስገድለው ፈልጎ የሞቱን ደብዳቤ በገዛ እጁ አስይዞ ለጦር አለቃው ላከው። ኦርዮ ምስኪን፣ የሚሞትበትን ወረቀት በደረቱ ይዞ ሄደ። አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘላት። ማጭዱን በሙሾ የወጋችው እሷ ናት። አይቸው ዝም ያለው ለዚህ ነው። ድሬሰሩ ስሟን የሚያውቀው ለዚህ ነው። «ጎንደር ወስደው ጉሮሮዬን ሊቆርጡልኝ ነው» አለችው ጀምበሩን። «በሽታ ነው ብለው ድምፄን ሊያወጡት!»

«ኧረ ተይ፣ በማርያም!»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ደሞስ አንተ ለምን ቸኮልክ?»

አውቶቡሱ ውስጥ ደብዳቤውን ከመቀነቷ አውጥታ በመስኮቱ ልትጥለው ነበር። ጀምበሩ እጇን ያዘ። «ጣይው። ግን ጥለሽው የምትሄጅበትን ንገሪኝ። ጉሮሮሽ እንደሆነ ካንቺው ጋር ነው ያለው» አላት። ደብዳቤውን መልሳ አስገባችው፣ እስከ ጎንደር እጇን ከላዩ አላነሣችም።

ሆስፒታሉ ውስጥ ዶክተር ያርጋል የሚባል ወጣት ሐኪም ተቀበላት። ደብዳቤውን አነበበ፣ መልሶ አነበበው፣ አጠገቡ ለቆመው ሽማግሌ ፈረንጅም በቋንቋው አነበበለት። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ። ውቢት ይኼን ሁሉ ቆጠረች። ከዚያ ውኃ አጠጧት፣ አንገቷን ከኋላዋ ሆነው ዳበሱ፣ ትንሽ መስተዋት በአፏ አስገብተው ጉሮሮዋን አዩ። በመጨረሻ ቀጭን መርፌ አመጡ። መርፌ ማለት መድኃኒት የሚያስገባ ነው ብላ ነው የምታውቀው፤ ይኼኛው ግን ከጠጠሩ ውስጥ ትንሽ ነገር ሳበ። ዶክተሩ የሳበውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቀባውና ላከው።

«የት ነው የምትወስዱት?»

«ይመረመራል፣ እናቴ። ሳምንት ይቆያል።»

ሳምንቱን በሙሉ እዚያው ተኝታ ከሰጧት ምግብ አልበላችም፤ ጀምበሩ ከውጭ ያመጣላትን፣ ያውም እሱ ቀድሞ ከቀመሰው በኋላ፣ ትቀማምስ ነበር። በስምንተኛው ቀን ዶክተር ያርጋል አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ እንቅርት ሁሉ ክፉ አይደለም» አላት። «አብዛኛው ተራ ነው፤ አገሩና ጨዉ አዮዲን የሚባል ነገር ስለሚያንሰው የሚመጣ። የእርስዎ ግን በውስጡ ነቀርሳ አለበት፣ ካንሰር የሚሉት። እብጠቱ ጠንካራ ነው፣ በጥቂት ወር አድጓል፣ ድምፅዎን ዘግቷል፣ በጎኑ ያለችው ፍሬም አብጣለች። ይኼን ስናይ ጠረጠርን።»

«እናንተም ትጠረጥራላችሁ?» አለች ውቢት፣ በሹክሹክታዋ።

«ሥራችን እኮ ነው። ግን ሳናጣራ ስም አንጠራም። በመርፌ የሳብነውን በአጉሊ መነጽር አይተን ነው አሁን ስሙን የጠራነው።»

ይህቺ ቃል ሆዷ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባትም። ብቻ ተነሥታ ተቀመጠችና «ያ ደብዳቤ ምን ይላል?» አለችው። «እውነቱን ንገረኝ። ማነው የከሰሰኝ?»

ዶክተሩ ግራ ገባው። «ክስ? ኧረ ምንም ክስ የለበትም» አለና ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥቶ ወደ አማርኛ እየመለሰ አነበበላት። የበሽታውን ነገር፣ የትንፋሿን ነገር። ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ።

«“ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ እንቅርት ያለባት ስለሆነ እኔ ብቻዬን ባያት ተራ ነው ብዬ እመልሳት ነበር። ነገር ግን አገርነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ወደ ዳባት ገበያ በመጣች ቁጥር ጤና ጣቢያ እየመጣች ስለ እሷ ነግራኛለች። በጥቅምት በእጇ ስትነካው የባቄላ ያህል ነበረ። አሁን የእንቁላል ያህል ሆኗል። ወይራ ማርያም ያለች ውቢት አለነ የምትባል አልቃሽ ስትመጣ እንዳትመልሳት፣ እናቴን የገደላት ዓይነት ነው ብላ አደራ ጥላብኛለች።”»

ውቢት ወደ ወረቀቱ ተጠጋች።

«መቼ ነው የነገረችው?»

ዶክተሩ ወረቀቱን አየ። «መጀመሪያ የመጣችው በታኅሣሥ መጨረሻ ነው ይላል።»

የታኅሣሥ መጨረሻ! ስሟ ጠበል ላይ ከተጠራ በኋላ ነው። እንስራዋ ከተረገጠ በኋላ ነው። ያቺ ሴት የሸክላ ስብርባሪዋን ሰብስባ፣ በቀረው ዕቃዋ ወደ ዳባት ወርዳ፣ ስሟን ላጠፋችው ሴት አደራ ስትል ነበር። ሃያ ዓመት ያላስነካችውን እጇን የዘረጋችው፣ ሕጓን የጣሰችው፣ በጥቅምት ብርድ ከነልብሷ ወንዝ የገባችው ለዚህ ነበር። ውቢት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። የዚያን ቀን ልቅሶዋ ሙሾ አልነበረውም፣ ድምፅም አልነበረውም።

ዶክተሩ በበሽታው የደነገጠች መስሎት ያጽናናት ጀመር። «ይኼኛው ነቀርሳ ዝግ ያለ ነው፤ በጊዜ ከተደረሰበት ሰው ይኖራል። ዕጢውን በሙሉ፣ ያቺንም ፍሬ ጨምረን በቀዶ ጥገና እናወጣለን። ውጭ አገር ከዚያ ቀጥሎ ጨረር ያለበት አዮዲን ያጠጣሉ፣ የቀረውን ርዝራዥ ፈልጎ ያቃጥለዋል። እኛ ጋ ያ የለም፣ ስለዚህ አጥርቶ መቁረጥ ያስፈልጋል። ዕጢው ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራ ክኒን ዕድሜ ልክዎን ይውጣሉ። ድምፅዎ ግን...» አለና ቆመ። «ድምፅ የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነርቮች አሉ። አንዱን በሽታው ቀድሞ ይዞታል። ሌላውን ለማትረፍ እንጥራለን። የድሮው ድምፅ ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ከሳምንት በፊት ቢሆን «ይኸው! አላልኩም?» ብላ ጀምበሩን ትጣራ ነበር። አሁን የዶክተሩን እጅ ያዘች።

«ልጄ፣ ሙሾው ይቅር። ለአንዲት ሴት አንዲት ቃል የምናገርባት ድምፅ አትርፍልኝ። ከዚያ ወዲያ ብትፈልግ ትዘጋ።»

ቀዶ ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ አሉ። ስትነቃ አንገቷ በፋሻ ታስሯል፣ ጠጠሩም እንቅርቱም የለም። በማግስቱ ጣቶቿንና ከንፈሯን ይነዝራት፣ እጇም ይኮማተር ጀመር። አመል መቼ ባንድ ቀን ይለቃል? «መርዙን ሰጡኝ!» ብላ አልጋውን ነቀነቀች። ነርሷ ሲስተር አበባ እየሳቀች መጣች። «መርዝ አይደለም እትዬ፣ ካልሲየም አንሶሽ ነው። ከዕጢው ጋር የተለጠፉ ትንንሽ ፍሬዎች አሉ፣ ቀዶ ጥገናው ሲነካካቸው እንዲህ ያደርጋል» ብላ በደም ሥሯ ወጋቻት። እጇ ወዲያው ተፈታ። ውቢት አፈረች። ካፈረች በኋላ ደግሞ መጀመሪያ የሞከረችው ቃል «አገርነሽ» ነበር። ወጣ፤ ሻካራ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ግን ወጣ።

ከሆስፒታሉ የወጣችው መጋቢትን አሳልፋ፣ በሚያዝያ ነው። ሦስት ብልቃጥ ክኒን ይዛለች፤ ጧት ጧት በባዶ ሆድ አንድ አንድ። ከመኪናው መንገድ ላይ አይቸው በቅሎውን ይዞ ሲጠብቃት አገኘችው። «ድምፅሽ እንዴት ሆነ?» አለ በጭንቀት። «እናቴ ደክማለች፣ እትዬ። ካለ ውቢት እንዳትቀብሩኝ ብላ አስምላኛለች።» ለካ ያቺ ሁሉ ፈገግታ ለዚህ ነበረች! ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። «መጀመሪያ ወንዝ ማዶ ደርሼ ልምጣ» አለችውና ቤቷ ሳትገባ ወረደች።

የሸክላ ሠሪዋ ግቢ ክፍት ነበር። እሳት የለም፣ ጢስ የለም። ያልተተኮሰ አንድ ጋን ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ዝናብ ግማሹን አፍርሶታል። የመንደሯ ሰዎች፣ እሷ የምታውቃቸው ሁሉ፣ የቤቱን ቋሚና በሩን እየነቀሉ ነው።

«የት ሄዱ?»

«ወዴት እንደሄዱ እንጃ» አለች በር የተሸከመች አንዲት አሮጊት። «በፋሲካ ሰሞን ነው፣ ሦስት ቤት ባንድ ቀን ባዶ ሆነ። ሱዳን ነው የሚሉ አሉ፣ ኢየሩሳሌም ነው የሚሉም አሉ። ደግ ሆነልሽ እንጂ፣ ውቢት፤ ተገላገልሻት።»

ውቢት አገርነሽ ጭቃ ታሽበት የነበረበት ቦታ ደረሰች። ከጎኑ ለቅማ የጣለቻቸው ጠጠሮች ትንሽ ቁልል ሆነው ቀርተዋል። እዚያ ላይ ነጠላዋን ፈታች፣ አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ደረቷን መታች። ቤት ነቃዮቹ ቆሙ። ከዚያ የሚወጣው ምን ድምፅ እንደሆነ ሳታውቅ አፏን ከፈተች።

ለሞተ ሲለቀስ ለቅሶ ደራሽ መጣ፣
ላልሞተ ማን ያልቅስ፣ ቤት ጥሎ ለወጣ።
ጠጠር ለቃሚዋ፣ አንቺ ባለ ጭቃ፣
ስምሽን ገድዬ፣ ነፍሴ ባንቺ ነቃ።

ድምፁ የድሮው አልነበረም። ሻካራ ነበር፣ መኻል ላይ ይቆረጥ ነበር፤ ግን ሰዎቹ ከነተሸከሙት ደርቀው ቀሩ። አይቸው ከኋላዋ ወንዙን ተሻግሮ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለች ውቢት፣ ወደ ሰዉ ዞራ። «ስሙኝ። በታኅሣሥ ጠበል ላይ ስሟን የጠራው መንፈስ አይደለም። እኔ ነኝ። ዓይኔን ገልጬ፣ እናንተን እያየሁ ነው የጠራኋት። በሽታዬን ያገኘችልኝ እሷ ናት። ለሐኪሙ የነገረችልኝ እሷ ናት። እንስራዋን ከረገጣችሁባት በኋላ እንኳ ስለኔ አደራ እያለች ነበር።»

አሮጊቷ በሩን ቀስ ብላ ከትከሻዋ አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ሌላውም ቋሚውን አስቀመጠ። አንድ ሁለት ሴቶች ሳይጠሩ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። አይቸው ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆቡን አወለቀ። ውቢት ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ አፋፉ ላይ ወጥታ ያንኑ ቃል ደጋግማ ጮኸችው፤ ወይራ ማርያምም፣ ከወንዙ ማዶም፣ መንገደኛውም ሰማት። ድምፅ አትርፍልኝ ብላ የለመነችላትን ያቺን አንዲት ቃል አገሩ ሁሉ ሰማት፣ ከአንዲት ሴት በቀር።